«ባ» ካይሮ ላይ ዛሬ ነው፣ ዱባይ ላይ ነገ ነው

(ይህ ንግግር የተደረገው ከዐረብ ሀገር ለተመለሱ፣ ለመሄድ ለተዘጋጁና በአስተርጓሚነት ለሚሠሩ ወገኖች አዲስ አበባ ውስጥ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ነው። እንደተናገርኩት ነው ያስቀመጥኩት። የዐረብኛውን ድምፅ በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ እንዲመች ነው።)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ የቅዳሜ ጉዳያችሁን ትታችሁ ስለ ሰዋስው ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ።

በጥያቄ ልጀምር። ካይሮ የኖራችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ። ኩዌት፣ ዱባይ፣ ሪያድ የኖራችሁስ? ብዙ ናችሁ። አሁን እኔ «ባሩሕ» እላለሁ። ምን ማለቴ ነው?

(ከአዳራሹ፦ «እሄዳለሁ!»)

ሁላችሁም «እሄዳለሁ» አላችሁ። ትክክል ነው። ግን መቼ ነው የምሄደው? ካይሮ የነበራችሁ ንገሩኝ። «ሁልጊዜ፣ በየቀኑ።» ኩዌት የነበራችሁስ? «ነገ፣ ኋላ።» ሰማችሁ? አንድ ቃል ነው። አንድ ቋንቋ ነው ይባላል። ትርጉሙንም በአማርኛ አንድ ዓይነት ነው የሰጣችሁኝ። ግን አንዱ የዛሬ ነገር ነው የነገረኝ፣ ሌላው የነገ። አማርኛችን ልዩነቱን ሸፍኖት ነበር። እኔ «መቼ?» ብዬ ባልጠይቅ ኖሮ ማንም ሳያውቀው ያልፍ ነበር።

ዛሬ ሦስት ነገር ላነሳ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ዐረቦች በየሀገራቸው «ወደፊት»ን እንዴት እንደሚናገሩ። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ከዚያ ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ። ሦስተኛ፣ እኛ በመካከል ቆመን ስንተረጉም ምን እንደሚያመልጠን። አንደኛው ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

መጀመሪያ የመጽሐፉን ዐረብኛ ልጨርስ። መድረሳ የተማራችሁ፣ ቁርኣን የቀራችሁ ታውቁታላችሁ። በፉስሓ፣ በመጽሐፉ ዐረብኛ ማለት ነው፣ ግሡ ፊት «ሰ» ትመጣለች፤ «ሰአክቱቡ»፣ እጽፋለሁ። ወይም ራሱን የቻለ ቃል ይቀድማል፤ «ሰውፈ አክቱቡ»። አሉታው «ለን» ነው፤ «ለን አክቱበ»፣ አልጽፍም። የድሮ የሰዋስው ሊቃውንት በዚህች በ«ሰ» ተከራክረውባታል። ኩፋና ባስራ የኢራቅ ከተሞች ናቸው። የኩፋዎቹ፣ «ሰ» ከ«ሰውፈ» ተቆርጣ የቀረች ናት አሉ። የባስራዎቹ ደግሞ የለም፣ ከመጀመሪያውም ራሷን የቻለች ናት አሉ። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ረጅም ቃል ምላስ ላይ ሲመላለስ እያጠረ ሄዶ አንዲት ድምፅ ብቻ ይቀራል የሚለው ሐሳብ ከሺህ ዓመት በፊትም የነበረ ነው። ዛሬ በየከተማው የምንሰማው ይኸው ነው።

ነገር ግን ካይሮ ሱቅ ገብታችሁ «ሰአሽተሪ» ብትሉ ባለሱቁ ዜና የምታነቡ ይመስለዋል። መንገድ ላይ የሚወራው ሌላ ነው። የመንገዱ ዐረብኛ ለነገ የሚሆን መሣሪያ ከየት አመጣ? ከሁለት ግሦች ነው በዋናነት ያመጣው። አንዱ «መሄድ» ነው። ሌላው «መፈለግ»። ይህን ያዙልኝ። መሄድና መፈለግ።

ከ«መሄድ» እንጀምር። «ራይሕ» ማለት በመሄድ ላይ ያለ ማለት ነው። ሴት ስትሆን «ራይሓ»፣ ብዙ ሲሆኑ «ራይሒን»። ይህ ቃል ሌላ ግሥ ፊት እየቆመ «ሊያደርግ ነው» ማለት ጀመረ። እግሩ ባይንቀሳቀስም ማለት ነው። ቀጥሎ አጠረና «ረሕ» ሆነ። ካይሮ ላይ «ረ» ራሷ ወደቀችና «ሐ» ብቻ ቀረች። «ሐክቲብ» እጽፋለሁ፣ «ሐቲክቲብ» ትጽፋለህ፣ «ሐዪክቲብ» ይጽፋል፣ «ሐኒክቲብ» እንጽፋለን። አለስልሶ «ሀ» የሚላትም ብዙ ነው። እዩልኝ፤ ግሡ በሰው በሰው ይለዋወጣል፣ «ሐ» ግን ንቅንቅ አትልም። ድሮ ወንድና ሴት ትለይ ነበር፣ ዛሬ አትለይም። ሙሉ ቃል የነበረው ነገር መነሻ ቅጥያ ሆኖ ቀረ።

ቤይሩት፣ ደማስቆና አማን ላይ «ረሕ» አሁንም በሙሉ ድምፁ ይሰማል፤ አጥሮ «ሐ» የሚሆንበትም አለ። የቤይሩት ሰው «ረሕ ሩሕ» ይላል፣ ልሄድ ነው። የባግዳዱ «ረሕ አሩሕ» ይላል። ሁለቱም ውስጥ «መሄድ» ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ የመጀመሪያው ግን መሄድ መሆኑን ረስቷል። ሱዳን የነበራችሁ «ሐምሺ» ትላላችሁ፣ «ሐ» እዚያም አለች።

ሞሮኮ ላይ ደግሞ ሌላ የመሄድ ግሥ ነው የተያዘው። «ጋዲ»፤ የመጀመሪያዋ ድምፅ ከጉሮሮ የምትወጣዋ ናት። «ጋዲ ንምሺ»፣ ልሄድ ነው። ሲያጥር «ጋንምሺ» ይሆናል። ሥሩ በጥንቱ ዐረብኛ በማለዳ መነሳትና መሄድ ማለት ነው። «ነገ» የሚለው የፉስሓ ቃል፣ «ገደን»፣ ከዚያው ሥር ነው። ሰው ማለዳ ተነስቶ የሚሄድበት ቀን ነገ ነው እንደማለት። እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ በጣም ነው ያስደነቀኝ።

ማልታ ደሴትም ልውሰዳችሁ። ማልትኛ ከዐረብኛ የወጣ ቋንቋ ነው፣ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ይፋ ቋንቋ ነው። እዚያም «ሰየር»፣ ሂያጅ፣ የሚለው ቃል አጥሮ «ሰ» ሆኗል። የማልታዋ «ሰ» የፉስሓዋን «ሰ» ትመስላለች፣ ግን በሌላ መንገድ የመጣች ናት። እንግዲህ ከናይል እስከ አትላንቲክ፣ ከዚያም እስከ ማልታ፣ የተለያየ ቃል እየያዙ አንድ ነገር ነው የሠሩት። መሄድን ነገ አደረጉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ወደ «መፈለግ»። የባሕረ ሰላጤው እህቶቼ፣ ይህ የእናንተ ነው። ኩዌት ቤት የገባች ሴት መጀመሪያ ከምትለምዳቸው ቃላት አንዱ ምንድን ነው? «ሽተቢን?» ምን ትፈልጊያለሽ? «አቢ ማይ»፣ ውኃ እፈልጋለሁ። ያ «አቢ» ነው ተሸርፎ «ባ» የሆነው። «ባሩሕ»፣ እሄዳለሁ። «ብትሩሕ»፣ ትሄዳለህ። «ብንሩሕ»፣ እንሄዳለን። ሥሩ መሄድ እፈልጋለሁ ነበር። ዛሬ ግን የሚናገረው ሰው መፈለጉን አያስብም። የማይፈልገውን ነገር እንኳ በ«ባ» ይናገረዋል፤ «ባሙት»፣ እሞታለሁ። ሞትን ማን ይፈልጋል? ኩዌት ላይ «ራሕ»ም ይሰማል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ችግሩ ምንድን ነው? ካይሮም «ባ» አለች። ሻምም፣ እነ ደማስቆና ቤይሩት ማለት ነው፣ «ብ» አለች። እዚያ ያለችው «ባ» ግን ወደፊትን አታሳይም፤ የዘወትር ሥራን ነው የምታሳየው። ግብፃዊ «ባሽረብ ቃህዋ» ቢል (ካይሮዎች ቃፏን ውጠው «አህዋ» ነው የሚሏት) ቡና እጠጣለሁ፣ ቡና ጠጪ ነኝ ማለቱ ነው። የዱባይ ሰው «ባሽረብ» ቢል፣ ልጠጣ ነው፣ አምጪልኝ ማለቱ ነው። ባሕረ ሰላጤው የዘወትሩን ያለ ምንም መነሻ ይናገረዋል፤ «አሽረብ»፣ በቃ።

ቱኒዚያን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ቱኒዚያ ላይ «ባሽ ንምሺ» ይባላል፣ ልሄድ ነው። «ባሽ» በሰሜን አፍሪካ በብዙ ቦታ «ይህን ለማድረግ»፣ «እንዲህ እንዲሆን» የሚል ዓላማ አመልካች ቃል ነው። አሁን የራሳችንን ስሙ፤ «ልሄድ ነው»። «ል» ምንድን ናት? የዓላማ «ል» አይደለችም? «ልሄድ ተነሳሁ»፣ «ልበላ ገባሁ» ስንል ያለችው «ል»። የቱኒዝ ሰውና የጎጃም ሰው አንድ ቀን ተቀምጠው ሳይመካከሩ ነገን ከዓላማ ሠሩት።

እዚህ ላይ አንድ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ዱባይ እያለሁ አንዲት የሀገራችንን ሴት ይዤ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሴትየዋ እዚያ ብዙ ዘመን የኖረች ናት፣ ዐረብኛዋ የባሕረ ሰላጤ ነው፣ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች። እኔን የወሰደችኝ ለብቻዋ መግባት ስለፈራች ነው እንጂ ለትርጉም አልነበረም። ሐኪሙ ግብፃዊ ነው። ባሕረ ሰላጤ የሠራችሁ ታውቃላችሁ፣ ግብፃዊ ሐኪም እዚያ ብዙ ነው። ግፊቷን ለካ። ከፍ ብሏል። ጠየቃት፤ «ቢታኽዲ ደዋ?» በግብፅ ዐረብኛ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ? አሁን፣ በየቀኑ የምትወስጂው አለ ወይ? ማለቱ ነው።

እሷ ምን ሰማች? በባሕረ ሰላጤ ጆሮ፣ «ብ» ስላለበት፣ መድኃኒት ብሰጥሽ ትወስጃለሽ ወይ? ብላ ሰማች። ለምን አልወስድም አለች በልቧ። ቶሎ ብላ «ኢ፣ ባኽድ» አለችው። እወስዳለሁ፣ ስጠኝ ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ የሰማው በካይሮ ጆሮ ነው። «ባኽድ»፣ እወስዳለሁ፣ በየቀኑ እየወሰድኩ ነው ብላ ሰማ። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ መጻፍ ጀመረ። መድኃኒት እየወሰደች ግፊቷ አልወረደም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው። የሚያዝዘውን ይለውጣል።

ሁለቱም ተግባብተዋል። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። ማንም «አልገባኝም» አላለም። ይህ ነው የሚያስፈራው! ቃል ሳይገባህ ሲቀር ትጠይቃለህ። የገባህ ሲመስልህ ግን አትጠይቅም። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ «ዶክቶር፣ እስካሁን ምንም መድኃኒት ወስዳ አታውቅም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ እንደመገረም ብሎ የጻፈውን አጠፋ። እንደገና ጠየቃት፤ በዚህኛው ጊዜ «አልሒን»፣ አሁን፣ የሚለውን የባሕረ ሰላጤ ቃል ጨመረበት። ተግባቡ።

አስቡት። የተሳሳተው ማን ነው? ሴትየዋ አልተሳሳተችም። ሐኪሙም አልተሳሳተም። ሁለቱም የየሀገሩን ዐረብኛ በትክክል ነው የተናገሩት። ስለዚህ እባካችሁ፣ «ዐረብኛ እችላለሁ» ስትሉ የየት ሀገሩን? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከቤይሩት ወደ ዱባይ፣ ከካይሮ ወደ ሪያድ የተዘዋወራችሁ በተለይ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። እንግሊዝኛ።

ትምህርት ቤት የተማርነው ምንድን ነው? የእንግሊዝኛ ወደፊት «ዊል» ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት አምዶች ይሠራሉ፤ ያለፈ፣ ያሁን፣ የወደፊት። «ዊል» ሦስተኛው አምድ ውስጥ ይገባል። አለቀ። ግን «ዊል» ከየት መጣ? የጥንቱ እንግሊዝኛ ለወደፊት የተለየ የግሥ መልክ አልነበረውም። የዛሬውንና የነገውን በአንድ መልክ ነበር የሚናገረው፣ ልክ እንደ አማርኛችን «እሄዳለሁ»። «ዊል» ያኔ መፈለግ ማለት ነበር። «ሻል» ደግሞ ዕዳ አለብኝ፣ ይገባኛል ማለት ነበር። «ጎይንግ ቱ» የሚለው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ ብቅ ያለ ነው፤ ያው መሄድ ነው።

አያችሁልኝ? መፈለግና መሄድ! ኩዌት ላይ መፈለግ፣ ለንደን ላይ መፈለግ። ካይሮ ላይ መሄድ፣ ለንደን ላይም መሄድ። እንግሊዝኛ ሁለቱንም መንገድ ሄዶ ሁለቱንም ይዟቸዋል። ማሳጠሩም ያው ነው። «ጎይንግ ቱ» በንግግር «ጎና» ይሆናል። «ራይሕ» «ረሕ»፣ ከዚያም «ሐ» እንደሆነው።

ማረጋገጫ ትፈልጋላችሁ? እግሩ የምር ሲሄድ ማሳጠር አይቻልም። እንግሊዛዊ ወደ ካይሮ እየሄድኩ ነው ለማለት «ጎና ካይሮ» ሊል አይችልም። የግድ ሙሉውን «ጎይንግ ቱ ካይሮ» ይላል። የካይሮውም ሰው ወደ ገበያ እየሄድኩ ነው ሲል «ራይሕ» ነው የሚለው፣ በ«ሐ» አይለውም። የተሸረፈው ቃል ለጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ለእግር ሙሉው ቃል ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ ሕግ!

ልዩነት ደግሞ አለ። እንግሊዝኛ «ዊል»ንና «ጎይንግ ቱ»ን ይለያል። ስልክ ሲጮህ «እኔ አነሳዋለሁ» የሚለው በ«ዊል» ነው፤ እዚያው የመጣ ሐሳብ ስለሆነ። ደመናውን አይቶ «ሊዘንብ ነው» የሚለው በ«ጎይንግ ቱ» ነው። የካይሮዋ «ሐ» ግን ሁለቱንም ትችላለች። ቤይሩት ላይ ደግሞ ልዩነቱ በከፊል አለ። «ረሕ ትሸቲ» ሊዘንብ ነው። ለጓደኛዋ የምትደውል ሴት ግን «ብሐኪኪ ቡክራ» ትላለች፣ ነገ እደውልልሻለሁ። «ረሕ» የለበትም። የዘወትሯ «ብ» ናት፤ «ቡክራ»፣ ነገ፣ ስለተጨመረባት ቃል ኪዳን ሆነች። ቤይሩት የኖርኩበትን ጊዜ ሳስብ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት ጆሮዬ ላይ ያለችው። በየስልኩ መጨረሻ ትባላለች። እና ለእኛ ጆሮ ትቀላለች፤ የኛም «እደውላለሁ» እንደዚያው ነውና።

ሌላም አለ። እንግሊዛዊ ነገ እበራለሁ ለማለት በመብረር ላይ ነኝ፣ ነገ፣ የሚል መልክ ይጠቀማል። ዐረብም «አነ ሙሳፊር ቡክራ» ይላል፤ ተጓዥ ነኝ ነገ። ሴት ከሆነች በግብፅ «ሚሳፍራ»። ግን ተጠንቀቁ! ይህ ለጉዞ ግሦች ነው። «አነ ካቲብ» ብትሉ ካይሮ ላይ ልጽፍ ነው ማለት አይሆንም፤ ጽፌአለሁ፣ ጨርሻለሁ ማለት ይሆናል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

እንግሊዝኛ አስተማሪዎች እዚህ አላችሁ፤ አንድ ነገር ልስጣችሁ። ተማሪዎች «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ለማለት ከ«ዌን» ቀጥሎ «ዊል» ይከቱና ቀይ እስክርቢቶ ይቀምሳሉ። እንዲህ አስረዷቸው። አማርኛም «ሲመጣ» ይላል እንጂ «ሲ» እና «አለሁ»ን አብሮ አያስቀምጥም። ግብፃዊም «ለማ ዪጊ ሐኡሉ» ይላል። «ለማ ሐዪጊ» አይልም። ሦስቱም ቋንቋ ላይ የወደፊቱ ምልክት የሚያርፈው ዋናው ግሥ ላይ ነው። ልጁ በገዛ ቋንቋው ሕጉን ያውቀዋል፤ ማስታወስ ብቻ ነው።

አሉታውን ቶሎ ልበልና ልለፈው። ካይሮ፦ «ሚሽ ሐሩሕ»፣ ወደፊት አልሄድም። «ማባሩሕሽ»፣ መሄድ ልማዴ አይደለም። ቤይሩት፦ «ማ ረሕ ሩሕ»። ባሕረ ሰላጤ፦ «ማ ባሩሕ»። ሞሮኮ፦ «ማጋዲሽ ንምሺ»። እንግሊዝኛ «ዎንት» ይላል። እኛ? «አልሄድም»። ለሁሉም አንድ።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያመጣኛል፤ ዛሬ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይም ይህ ነው።

አማርኛ ለነገ ብቻ የተቀመጠ የግሥ መልክ የለውም። «እሄዳለሁ» በየቀኑም ነው፣ ነገም ነው። ይህ ድህነት አይደለም፤ እንዲህ የሆኑ ብዙ ቋንቋዎች አሉ። እንዲያውም የቅርቡን ነገ ለመናገር የሚያምር መንገድ አለን። «ሊዘንብ ነው»፣ «ልወጣ ነው»። ከዚያም አልፎ ባለፈ ጊዜ እንናገረዋለን። ምግብ ቤት ተቀምጣችሁ አስተናጋጁን ስትጠሩት ምን ይላል? «መጣሁ!» መጣ እንዴ? አልመጣም። ገና ሊመጣ ነው። «በቃ ሄድኩ» ብለን አንድ ሰዓት በር ላይ ቆመን እናወራለን። ሀብታም ቋንቋ ነው ያለን።

ግን አስተርጓሚ ስትሆኑ ይህ ሀብት ይፈትናችኋል። አሁን በጥሞና ስሙኝ። አንድ ቀን በደሞዝ ክርክር ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠሪው ግብፃዊ ነው። ሠራተኛዋ የኛ ልጅ ናት። ጉዳዩን የያዘው ሰው እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚሰማው። አሠሪው «ባዲሃ» አለ፣ በየወሩ እሰጣታለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው አስተርጓሚ ለልጅቷ በአማርኛ፣ «እሰጣታለሁ ይላል» አላት። ልጅቷ «ይስጠኛ፣ እሺ!» አለች። ሊሰጣት የተስማማ መሰላት። ሰውዬው ግን «ሰጥቻታለሁ፣ በየወሩ እየሰጠሁ ነው፣ ዕዳ የለብኝም» ነው ያለው! «ሐዲሃ» ቢል ኖሮ ወደፊት እሰጣታለሁ ማለቱ ይሆን ነበር። በ«ባ» እና በ«ሐ» መካከል የወራት ደሞዝ ነበረ። የእሷ «እሺ» ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ምን ሆነ? «ተስማምታለች» ሆነ። በምን ላይ? ደሞዟን ተቀብላለች በሚለው ላይ!

ተነስቶ ያስተካከለ ሰው ነበረና ነገሩ ተቃና። ባይኖርስ?

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ማስተርጎም ላይ ያላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። «እሰጣታለሁ» ብላችሁ አትቁሙ። አማርኛው ብቻውን አይበቃም። «በየወሩ እሰጣታለሁ ይላል»፣ «ወደፊት እሰጣታለሁ ይላል» በሉ። አንድ ቃል ጨምሩ። ማን ይቆጣችኋል? ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱማ ግዴታችሁ ነው፤ እንግሊዝኛው ወይ የዘወትሩን ወይ «ዊል»ን ምረጡ ብሎ ያስገድዳችኋል። ሳትጠይቁ ከመረጣችሁ የሰው መብት በእናንተ ግምት ይወሰናል ማለት ነው።

አዲስ ለምትሄዱትም አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ ሰሞን የምንናገረው ዐረብኛ መነሻም መድረሻም የለውም። «አነ ሩሕ ቡክራ»፣ በቃ። «ቡክራ» ነች ሥራውን ሁሉ የምትሠራው። ይህ አያሳፍርም፤ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከየሀገሩ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚግባባው። መናገሩ ይደርሳል። መስማቱ ግን አይጠብቅም። ማዳም «ባዕጢች መዓሺች» ስትል፣ ደሞዝሽን እሰጥሻለሁ ስትል፣ «ባ»ዋን ስሟት። ገና ነው ማለት ነው። ወዲያው «ምተ?» በሉ። መቼ? ካይሮ «ኢምታ?»፣ ቤይሩት «ኤምታ?»። «ባቺር» ከተባለ ነገ ነው፤ «ቡክራ»ም ነገ ነው። በወሩ መጨረሻ ከተባለ ቀኑን ጻፉት፤ ማስታወሻ ደብተር ላይ፣ ስልካችሁ ላይ፣ የትም።

«ኢንሻአላህ» ስለሚለውም ጥያቄ ይመጣል፣ አውቃለሁ። ሰው «ኢንሻአላህ» ሲል እምቢ ማለቱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ባሕረ ሰላጤ ላይ ልጅ ለአባቱ «ኢንሻአላህ» ሲል «እሺ አባዬ፣ አደርጋለሁ» ማለቱ ነው። የእኛ እናቶች «እግዜር ካለ» ሲሉ ማታለላቸው ነው እንዴ? አይደለም። ነገ የእኔ አይደለም ማለታቸው ነው። የምትሰሙትን ቃል ከሰውዬው ድምፅና ፊት ጋር አብራችሁ ስሙት።

ቤት ስትገቡ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የምትሄዱበት ሀገር ሰው ስታገኙ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጠይቁት። «በየቀኑ እጠጣለሁ» እንዴት ይባላል? «ነገ እጠጣለሁ»ስ? «ነገ አልጠጣም»ስ? ሦስቱን ጎን ለጎን ጻፉና መነሻዎቹን አስምሩባቸው። ዱባይ ከሆነ «አሽረብ»፣ «ባሽረብ»፣ «ማ ባሽረብ» ይሰጣችኋል። ካይሮ ከሆነ «ባሽረብ»፣ «ሐሽረብ»፣ «ሚሽ ሐሽረብ»። ያንን ወረቀት የያዘ ሰው፣ ክሊኒክ ውስጥ ያችን ሴት የገጠማት ነገር አይገጥመውም።

ጁባ የሠራችሁ ዝም ብላችኋል፤ አልረሳኋችሁም። የጁባ ዐረብኛ ለብቻው ትልቅ ርእስ ነው። «አነ ቢ ሩዋ» ትላላችሁ፣ እሄዳለሁ፣ ወደፊት። «አነ ጊ ሩዋ» ደግሞ አሁን፣ ወይም ዘወትር። ካርቱም ላይ ግን «ባምሺ» የዘወትር ነው። አንድ ወንዝ ተከትላችሁ ስትወርዱ «ባ» ነገ የነበረችው ዛሬ ትሆናለች። በሁለቱም ከተማ የኖረች እህት እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለች፤ ቅድም ስናወራ ከእኔ የተሻለ ነው የነገረችኝ። ማይኩን አሳልፉላት።